አንጋጫ ላይ ያስቆጠርኳቸው ሁለት ጎሎች

ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ብቻ ሳላውቅ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫውቻለሁ። ዳኛው ያውቁ ነበር። በረኛችን ታውቅ ነበር። ከሜዳው ዳር የተቀቀለ በቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ታውቅ ነበር። ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ነገሩ የራሴ ሆኖ። ይህን ታሪክ ለሰው መንገር ጀምሬ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ወሬ ቀይሬያለሁ። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ሰምታችሁ ብትፈርዱብኝም አልቀየማችሁም፤ ፍርድ ለምጃለሁ።

ስሜ አስቴር ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገበያ ውስጥ እህል ይነግዳል። እኔ ማትሪክ ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ዓመት አልፎኛል። ክፉ ቃል ከአፌ ቶሎ የሚያመልጠኝ፣ ከተናደድኩ ትልቅ ትንሽ የማልለይ ነገረኛ ነበርኩ። እናቴ «ይቺን ልጅ የሚያገባት ሰው ጾም ጸሎት ያስፈልገዋል» ትል ነበር። በደንብ የምችለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኳስ ነው።

ኳስ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ በእንሰቱ መሐል በቀረችው ጠባብ ቦታ እሱ በረኛ ይሆናል፣ እኔ እመታለሁ። እንሰቱን በጎዳን ቁጥር እናቴ ሁለታችንንም ታባርረናለች። ግራ እግሬ ሰነፍ ነው ብሎ ቀኜን እየከለከለ በግራ ብቻ ያስመታኝ ነበር፤ እኔ ስነጫነጭ እሱ ይስቃል። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ቀበሌው ማርቆስን ጽፎ ወሰደው። መጀመሪያ ማሠልጠኛ ገባ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ላኩት። ደብዳቤው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። በመጨረሻው ደብዳቤ ለቤተሰቡ በየስሙ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ለእኔ «ግራ እግርሽ እንዴት ነው?» ብሎ ነበር የጻፈው።

በዚያው ሰሞን የአውራጃው የወጣቶች ማኅበር ሴቶችም ኳስ ይጫወቱ የሚል መመሪያ መጣለት። መጀመሪያ ሰው ለሳቅ ነበር የሚመጣው። ቁምጣ ለብሰን ስንወጣ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ጎረምሶች ያፏጫሉ። ያሠለጠኑን የስፖርት አስተማሪው መምህር ንጉሤ ናቸው፤ አገራቸው ሩቅ ነው፣ ሀዲይኛ ከሰላምታ በላይ አይችሉም፤ ሲናደዱ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። ስድስት ወር ካሠለጠኑን በኋላ የሚያፏጨው ጎረምሳ ሁሉ ስሜን እየጠራ ማጨብጨብ ጀመረ።

ከዚያ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ሊያቋቁም ነው፤ የሚመረጡት ቀን ፋብሪካው ውስጥ እየሠሩ ማታ ማታ ልምምድ ያደርጋሉ፤ ደመወዝና መኝታ አላቸው። አሠልጣኙ እኛ ከጎረቤት ከተማ ከአንጋጫ ቡድን ጋር የምናደርገውን ጨዋታ ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ቤታችን ሽማግሌ ይመላለስ ነበር። ፎንቆ ከተማ የሚኖር፣ ወፍጮ ያለው አንድ ነጋዴ እኔን ጠይቆ ነበር። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል። አባቴን ለመንኩት። አሠልጣኙ ከመረጡኝ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ካልመረጡኝ ያለ አንድ ቃል አገባለሁ አልኩት። አባቴ ሳቀና እሺ አለ። እሺ ያለው የሚመርጠኝ ሰው ይኖራል ብሎ ስላላሰበ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተቀጠሩ።

እንግዲህ ለእኔ ያ ጨዋታ ይህ ነበር። ወይ ኳስ ወይ ወፍጮ።

ዓርብ በጭነት መኪና አንጋጫ ገባን፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው አስተኙን። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጥሎ አባራ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ቁምጣና ማሊያ ለብሰን በክፍሎቹ ጥግ ስንንጠራራ ከሆሳዕና የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። መኪናውን የሚነዱት የአንጋጫው ጋሽ ከድር ናቸው፤ ልጃቸው ሩቂያ የአንጋጫ ተከላካይ ናት። በዚያ በኩል አጥቂ ሁሉ የሚፈራው እሷን ነው። ከጋቢናው ጋሽ ከድር ወረዱ፤ ቀጥሎ አጎቴ ሞሊሶ ወረደ።

አጎቴ ሞሊሶ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስለሱ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አይዋሽም። ሁሉም ሰው አልዋሽም ይላል፣ እሱ ግን እውነቱን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው ትናንት እዚህ ቤት ጸሎት ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። ማን ማን ነበረ ሲሉት እኔ ነበርኩ፣ የሌላውን አልናገርም አለ። ሦስት ሳምንት አሰሩት። ጎረቤቱ ሁሉ አንዴ አይ ቢል ምን ነበረበት እያለ ነበር። እሱ ሲፈታ ጺሙን ተላጨና ወደ እርሻው ሄደ።

አጎቴ በእርሻ ሰዓት መኪና ተሳፍሮ አንጋጫ የሚመጣ ሰው አይደለም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መምህር ንጉሤ ሄደ። ከክፍሉ ጀርባ ቆመው ሲያወሩ በሩቅ አያቸዋለሁ። አጎቴ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ጥቂት ቃል ተናገረ። መምህር ንጉሤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መሬት ላይ ግን አልጣሉትም፣ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ቃሉን አጠፈ፣ ከጨዋታ ሊያስወጣኝ ሰው ላከ።

አጎቴ መጣና እጄን ያዘኝ።

«አስቴር፣ ቤት እንሂድ» አለኝ በሀዲይኛ።

«አሁን?»

«አሁን። መኪናው እየጠበቀ ነው።»

አባቴ ታሞ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልታመመም አለኝ። እናቴስ አልኩት፤ እሷም አልታመመችም አለ። ትንሿ እህቴስ? ደህና ናት። እንግዲያ ምን ተፈጠረ አልኩት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣውም። ከንዴቴ የተነሣ መናገር ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚመስል ማየት አልቻልኩም።

«ቤት ሰው መጥቷል» አለ በመጨረሻ። «ብዙ ሰው ነው። አንቺን ይጠብቃሉ።»

«የፎንቆዎቹ ናቸው?»

ወደ መሬት አየ። «እነሱም አሉ» አለኝ።

በቃ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። እጄን መነጨቅሁት። ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ጮህኩበት። እንደ በግ አስራችሁ ልትሰጡኝ ነው አልኩት። እሑድ ብላችሁ ቅዳሜ መጣችሁ፣ አማኝ ነን እያላችሁ ቃል የላችሁም አልኩት።

«ሂድና ለአባቴ ንገረው» አልኩት። «አስቴር ሞታለች በለው። ሬሳዋን ይዳር። ማርቆስ ሲመጣ ግን ለሁላችሁም መልሱን ይሰጣችኋል።»

አጎቴ የማርቆስን ስም ስጠራ ክፍሉ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ያሸነፍኩት መሰለኝ።

አሁን ልብ በሉ። ስለ አባቴ ጠይቄያለሁ። ስለ እናቴና ስለ እህቴ ጠይቄያለሁ። ስለ ማርቆስ ግን አልጠየቅሁም። ጦር ሜዳ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ አልጠየቅሁም። ብጠይቀው ኖሮ አጎቴ ደህና ነው ሊለኝ አይችልም ነበር፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ለምን እንዳልጠየቅሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አስቤ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት በዚያ ሰዓት ከራሴ በቀር የማስበው ሰው አልነበረኝም።

መምህር ንጉሤ መጥተው አጎቴን ወደ ጎን ወሰዱት። ያሉትን ቆይቼ ነው የሰማሁት። ሁለት ሰዓት ብትዘገይ የሆነው ነገር አይለወጥም፣ ይህቺ ልጅ ዛሬ ካልታየች ግን ዕድሏ አለቀ፣ እባክዎ ትጫወት ብለው ለመኑት። አጎቴ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

«ተጫወቺ» አለኝ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።»

አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

ቡድናችን ተሰልፎ፣ ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰምተን ጨዋታው ተጀመረ። በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ኳስ እግሬ ሥር አልቆም አለ። ዓይኔ ወደ አጎቴ ይሄዳል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋሽ ከድር አሉ። ወደነሱ ሰው እየሄደ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይላቸዋል፣ ከዚያ ዞር ብሎ እኔን ያየኛል። ወደ ፎንቆ የምትዳረዋን ልጅ ሊያዩ ነው የሚመጡት ብዬ ተቃጠልኩ። ከሆሳዕና ተከትለውን የመጡት ልጆች ስሜን መጥራት አቁመዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኝ በሌላው በኩል ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ስለ እኔ የሚጻፍ ነገር ግን አልነበረም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ጭንቀት የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የቀረኝ ጊዜ ሲያልቅ ይታወቀኝ ነበር።

ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ከመሐል ኳስ ተሻገረልኝ። ፊቴ ሩቂያ ብቻ ናት። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ላይ ቁርጭምጭሚቴን መትታኝ ሁለት ሳምንት አስነክሳኛለች። ወደ ቀኝ ያዘነበልኩ መስዬ ወደ ግራ ወሰድኩት። አለፍኳት። በረኛዋ ስትወጣ በግራ እግሬ አጠገቧ አሳልፌ አገባሁት።

ጩኸት ጠበቅሁ። ጭብጨባው ግን ቀጭን ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። የቡድናችን ልጆች መጥተው አቀፉኝ፤ በረኛችን እርቅነሽ ከዚያ ማዶ ድረስ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አንዲት ጎል ብቻ ናት፣ ምን ሆነሻል ብዬ ሳቅሁባት።

በእረፍት ሰዓት መምህር ንጉሤ ሌላ ጊዜ በጩኸት ነበር የሚያናግሩን። ያን ቀን ለእኔ ብቻ ብስኩት ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ በርቺ ልጄ አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ልቤ በደስታ ሞላ፤ አሠልጣኙ ስለ እኔ ጥሩ ነገር ነግረዋቸው ይሆናል አልኩ።

ከእረፍት በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። እግሬ ቀለለኝ፣ ጭቃው አልያዘኝም። ሩቂያም ሌላ ሰው ሆና ነበር። ባለፍኩበት ሁሉ ትከተለኛለች፣ ትገፋኛለች፣ አንዴ ማሊያዬን ጎትታ ጣለችኝና ዳኛው ተቆጧት። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከራሳችን ሜዳ ኳስ ነጥቄ መሮጥ ጀመርኩ። አንዷን አለፍኩ። ሁለተኛዋ በጭቃው ተንሸራታ ቀረች። ሩቂያ ከፊቴ መጣች፤ ዓይኗ ኳሱ ላይ አልነበረም፣ እኔ ላይ ነበር። ተንደርድራ በሁለት እግሯ ገባች። ኳሱን ከላይዋ አነሣሁት፣ እኔም ዘለልኩ፣ ስወርድ ኳሱ ከፊቴ ነበር። ሳላስቆመው መታሁት። በረኛዋ አልተነቃነቀችም።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ወደ አጎቴ ሮጥኩ። ከፊቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆምኩና እጆቼን ወደ ላይ አድርጌ ጨፈርኩ። በጭቃ በተለወሰ ቁምጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እየዘለልኩ ጨፈርኩበት።

«ለአባቴ ንገረው» አልኩት። «ለፎንቆዎቹም ንገራቸው። ያየኸውን ንገራቸው።»

አጎቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ራቁት እግሬን ማየት አፍሮ ነው ብዬ ሳቅሁ። አጠገቡ የነበሩት ጋሽ ከድር ተነሥተው ሄዱ።

ጨዋታው ሁለት ለባዶ አለቀ። አሠልጣኙ ጠርተውኝ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የአባቴን ስም ጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ሪፖርት አድርጊ አሉኝ። ከአንጋጫ ደግሞ ሩቂያን መረጡ። ሩቂያ እንኳን ደስ ያለሽ ስላት እጇን ሰጠችኝ፣ ፊቷን ግን አላሳየችኝም። ተሸንፋ ነው አልኩ። ለካ እኔ ሁሉንም ነገር እንደሚመቸኝ እተረጉም ነበር።

በጋሽ ከድር መኪና ከአጎቴ ጋር ተመለስን። ጋቢናው ውስጥ መሐል ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ሁለቱም አይመልሱልኝም። እኔ በልቤ አባቴ ፊት የምናገረውን አሰናዳለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ቡናም ሆነ ውሃ ሳይጠጡ እንዲሄዱ ነው ያሰብኩት። ሆሳዕና ልንገባ ስንል ወንዝ አጠገብ አጎቴ መኪናውን አስቆመ። ውረጂና እግርሽን ታጠቢ አለኝ። ጭቃዬን ከታጠብኩ በኋላ ከቦርሳዬ ቀሚሴን አውጥቼ ከማሊያው በላይ እንድለብስ አደረገኝ፤ የራሱን ጋቢ አከናነበኝ። ለሙሽራነት እያዘጋጀኸኝ ነው ወይ ብዬ አሾፍኩበት። አጎቴ ያን ጊዜ አለቀሰ። እኔ ግን ተሸንፎ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው አይቼ ልቤ ራራለትና፣ አይዞህ አላዋርዳችሁም አልኩት።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ቤት ደረስን። ግቢያችን ሰው ሞልቶበታል። ወንዶቹ በረድፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከነሱ መሐል የፎንቆዎቹን ሁለት ሽማግሌዎች አየሁ። ሌላውን ሰው አላየሁም። ለምን ይህን ያህል ሰው መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። የተሰናዳሁበትን ይዤ ግቢው መሐል ድረስ ገባሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ተመርጫለሁ። አላገባም።»

አንድም ሰው ቀና አላለም። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ራሱን ገልጦ ነበር፣ ያለ ባርኔጣ ደጅ ወጥቶ የማያውቅ ሰው። ሊናገር ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ እናቴ ከቤት ወጣች። ፊቷ ተቧጭሯል። ሁለት ሴቶች ይዘዋታል። አየችኝ፣ በጋቢው ሥር የወጣውን የማሊያዬን አንገት አየችው።

«ወንድምሽን አጣነው» አለች። «አንቺ ኳስ ትጫወቻለሽ።»

የቀረውን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ራሴን መሬት ላይ መታሁ፣ ማሊያውን በጥርሴ ቀደድኩ ይላሉ። እኔ የማስታውሰው የአፈሩን ጣዕም ብቻ ነው።

ወረቀቱ ቀበሌ የደረሰው ዓርብ እኛ ከወጣን በኋላ ነው። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቤታችን ሄደው አባቴንና እናቴን አረዷቸው። እኔን እንዲያመጣ አጎቴ ተላከ። እናንተም እንደምታውቁት መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ባለመርዶዋ ቤቷ ገብታ፣ ሰው ከቦ ይዟት ነው የምትሰማው። ሌላ ሰው ቢላክ ኖሮ እንደ ወጉ አባትሽን ትንሽ አሞታል ይለኝ ነበር፤ እኔም እየሮጥኩ መኪናው ላይ እወጣ ነበር። አጎቴ ግን መናገርም አይችልም፣ መዋሸትም አይችልም። ቤት ሰው መጥቷል ማለት ብቻ ቀረለት።

ከዓመታት በኋላ ራሱ አነሣው። «ብዋሽ ይሻል ነበር» አለኝ። «ሰው መጥቷል ያልኩሽ እውነት ነበር፣ ግን ከውሸት የባሰ ነገር አደረገብሽ።» ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። አይ አለ። እንዲህ እየተባባልን ሳንስማማ አረፈ።

አዲስ አበባ እንዴት እንደሄድኩ ትጠይቁኝ ይሆናል። አባቴ መርቆ አልሸኘኝም። እናቴ ፊቴን ማየት አቃታት። እኔ በገባሁበት በር እሷ ትወጣለች፤ የሰጠኋትን ውሃ አትጠጣም። በዐሥረኛው ቀን አባቴ ጠርቶኝ «እናትሽ እንድትተርፍ ሂጂ» አለኝ። እንዲህ ነው ተጫዋች የሆንኩት። የፎንቆው ሰው ቤተሰቦችም በዚያው ቀሩ፤ በወንድሟ መርዶ ቀን የጨፈረች ልጅ ማን ይወስዳል። ከተማው ውስጥ ስሜ እሱ ሆነ። ዛሬም በዚያ ስም የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ። እናቴ ከስምንት ዓመት በኋላ እስክትሞት ድረስ በስሜ አልጠራችኝም።

ፋብሪካው ውስጥ ስድስት ዓመት ተጫወትኩ። ቀን ክር ማጠንጠኛው ላይ እቆማለሁ፣ ማታ ሜዳ እወርዳለሁ። ጎል ሳስቆጥር ፊቴን አዙሬ ወደ መሐል ሜዳ እመለሳለሁ፤ ደስታ የማይገባት ኩሩ ናት ይሉኝ ነበር። ይበሉ። እኔን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነበር። ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። ሁሉም ካወቁ፣ ሁሉም አዝነውልኝ ነበር። ሁሉም አዝነውልኝ ከነበረ፣ ያቺ ሩቂያን ያለፍኩባት መንገድ የማን ናት? የወንድሜን መርዶ ረግጬ፣ እናቴን አጥቼ የመጣሁበት ችሎታ የኔ ነበር ወይስ የሰው ምሕረት? እናንተ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዛችሁ ተኝታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም።

ከሩቂያ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። አራት ዓመት አብረን ስንበላ ስንጠጣ አንጋጫን አንሥተን አናውቅም። አንድ እሑድ ልብስ እያሰጣን ሳለ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን አባትሽ ነግረውሽ ነበር?»

«ከመኪናው እንደወረደ ነገረኝ» አለች። «እንዳትነኪያት፣ ኀዘንተኛ ናት አለኝ።»

«ለቀቅሽልኝ?»

ያሰጣችውን ልብስ አንሥታ እንደገና ጨመቀችው። «የመጀመሪያውን ጊዜ ቆምኩልሽ» አለች። «እግሬን ማንሣት እችል ነበር። አላነሣሁም።»

ያሰብኩት ደረሰ አልኩ በልቤ። ሁለተኛዋንስ ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷ ግን ቀጠለች።

«ከዚያ በኋላ ስትስቂ አየሁሽ። ይቺ ልጅ እንዲህ እየሳቀች ለቅሶ ቤት ልትገባ ነው አልኩ። ሁለተኛ እንዳታስቆጥሪ ብዬ ነው ከእረፍት የተመለስኩት። ያን ጊዜ በሁለት እግሬ የገባሁት እግርሽን ልሰብር ነበር፣ አስቴር። ተሰብረሽ እያለቀስሽ ብትገቢ ይሻልሽ ነበር። አልደረስኩብሽም።»

ሁለታችንም ልብሱን ማስጣት ቀጠልን። አራት ዓመት የፈለግሁት መልስ ይህ ነበር፤ አገኘሁት። የመጀመሪያዋ ጎል ምጽዋት ናት። ሁለተኛዋን ግን ማንም አልሰጠኝም፤ ሩቂያ በሙሉ ጉልበቷ መጥታ ያቃታት ጎል ናት። በሠራሁት ነገር ሁሉ ውስጥ የኔ ናት ብዬ እጄን የምጭንባት እሷ ብቻ ናት፤ አጎቴ ፊት ቆሜ የጨፈርኩባት።